ከገደሉ በኩል ያለው ረድፍ

ባሏ ሩሲ ከሞተ ወዲህ ቬሊካ እንባ የሚባል አልወጣትም። ሰው ይሄን አይቷል። የእኛ መንደር ሰው ደግሞ ቀብር ላይ የሚያየው ሟቹን ሳይሆን የሟቹን ሚስት ነው። "ምን ዓይነት ሴት ናት? ድንጋይ!" አሉ፣ ንፍሮዋን እየቃሙ። ሰምታለች። አልተናደደችም። እሷን ያሳሰባት መናደድ እንኳ አለመቻሏ ነው። ጠዋት ትነሳለች፣ ምድጃዋን ታቀጣጥላለች፣ ለዶሮዎቿ በር ትከፍታለች፤ ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታያለች። እጁ የሷ መሆኑን ታውቃለች፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

የሩሲ ስም ከነፎቶግራፉ የታተመበት የሐዘን ወረቀት አሁንም በሯ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ክረምቱ አጥቦት አጥቦት ከፊቱ የቀረው አፍንጫውና ጢሙ ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ራይና በየቀኑ ያንን ወረቀት እያየች ታልፋለች። በዚያ መንገድ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች የቬሊካና የራይና ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ተዘግተዋል፤ ልጆቹ ሶፊያ ናቸው፣ ስፔን ናቸው፣ ማን ያውቃል። እንግዲህ አስቡት፤ ሁለት ሴቶች፣ አንድ መንገድ፣ እና አይነጋገሩም! ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ምክንያቱ ቀሚስ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ።

ቀሚሱ ቢጫ ነበር፣ ጫፉ ላይ ዳንቴል ያለው። የቬሊካ እህት ናት ከፕሎቭዲቭ ከተማ የላከችላት። ለእህቷ ልጅ ሠርግ አንድ ቀን ለበሰችው፣ አጠበችው፣ ገመድ ላይ ሰቀለችው፣ ጠፋ። ራይና ቀደም ሲል ከአጥሩ ማዶ ሆና አይታው፣ "ወይ ይሄ ቀሚስ! አንድ ቀን ሰርቄሽ ነው የምለብሰው" ብላት ነበር። ቀልድ ነው፣ የጎረቤት ቀልድ። ቬሊካ ግን ለመንደሩ ዳቦ ይዞ የሚመጣው መኪና ፊት፣ መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ ባለበት፣ "ሌባ!" አለቻት። ራይና አልመለሰችላትም። ዳቦዋን በብብቷ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ዝም ማለቷን ሰው ሁሉ እንዳመነች ቆጠረው። ሩሲ ደግሞ ነገሩ በተነሳ ቁጥር "ተይው እባክሽ፣ ጨርቅ ነው" ይላል። "ጨርቅ? ቀሚሴን ነው ጨርቅ የምትለው?" ትለዋለች። ይሄን ጊዜ ኮፍያውን አድርጎ ይወጣል።

ራይና ቀብሩ ላይ መጥታለች። ከሁሉም ኋላ ነበር የቆመችው። አሁን ደግሞ ልጇ ለፋሲካ መጥቶ ወደ ፕሌቨን ከተማ ሊወስዳት ነው፣ ጠቅልላ ልትሄድ ነው ይባላል። ቬሊካ ወሬውን ስትሰማ አንድ ነገር ሊሰማት እንደሚገባ አውቃ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ያቺ ሴት ከሄደች በዚያ መንገድ ላይ ብቻዋን ነው የምትቀረው። ይሄን ታውቃለች፤ ግን ማወቅ ሌላ፣ መሰማት ሌላ ሆኖባት ሰነበተ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የወይን ገበሬዎች በዓል፣ የትሪፎን ቀን፣ አለፈ። በዚያ ቀን ወንዱ ሁሉ ዳቦና ወይን ጠጁን ይዞ ወይን ቦታው ይወጣል፤ ይገርዛል፣ የተቆረጠው ላይ ወይን ጠጅ ያፈስሳል፣ ሰክሮም ይመለሳል። የሩሲ ወይን ሳይገረዝ ቀረ። በእኛ አገር ሴት ወይን አትገርዝም፤ ታስራለች፣ ትኮተኩታለች፣ ትለቅማለች፣ መቀሱን ግን አትይዝም። ለምን ብትሉኝ አላውቅም። የጠየቀም የለም።

ማርች ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት የዳቦው መኪና ጋ የሩሲ አጎት ልጅ ኮልዮ አገኛት። ኮልዮ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ሰዉ ሁሉ እጁ ላይ ቀይና ነጭ ክር አስሮ ነበር፤ ሽመላ እስኪታይ የሚታሰረው። የቬሊካ እጅ ባዶ ነው፤ ሐዘን ቤት ቀይ አያስርም።

"ቬሊካ! ያ ወይን እኮ ጫካ ሆነ። ቀበሮ ሊወልድበት ነው!"

"ለምን አንተ አትገርዘውም?"

"እኔ? ወገቤስ?"

"ቅዳሜ ሠርግ ላይ ስትዘል ወገብህ የት ሄዶ ነበር?" አለችው ዳቦ ሻጯ፣ ከመኪናው ውስጥ። ሰልፉ ሳቀ። ኮልዮም ሳቀ፤ አያፍርም።

"እሺ ይሁን፣ ሽመላውን አየሽው? ገብቷል እኮ። እየበረረ አየሽው ወይስ ቆሞ? እየበረረ ያየ ሰው ዓመቱን ሙሉ እግሩ ቀልጣፋ ነው። ቆሞ ያየ ግን..."

"አላየሁትም።"

"እንዴ! ጎጆው አንቺ በር ላይ ያለው ምሰሶ አናት ላይ አይደለም እንዴ?"

"ቀና ብዬ አላየሁም" አለች።

ኮልዮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኮልዮን ድምፁን ዝቅ ያስደረገ ሰው በመንደሩ ታሪክ ያለ አይመስለኝም። "ሰኞ ልጆቹን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ አንቺ ብቻ መቀሱን እንዳትነኪ። ሴት የገረዘችው ወይን ይደርቃል" አላት።

"ይድረቅ" አለች ቬሊካ፤ ዳቦዋንም ይዛ ሄደች።

በማግስቱ የሩሲን መቀስ ይዛ ኮረብታውን ወጣች። ወስና አይደለም፤ እግሯ ነው የወሰዳት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በረዶ ሲቀልጥ የሚወጡት ነጫጭ አበቦች ጊዜያቸው አልፎ ሊረግፉ ነበር፤ ፕሪሙ እንቡጡን አሳብጧል፣ ከታች ከወንዙ እንቁራሪቶቹ ጀምረዋል፣ ግንደ ቆርቁሩም አሮጌው የለውዝ ዛፍ ላይ ይደበድባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ሳትል አታልፍም፤ አፍ እንደሆን ነበራት። ዛሬ ሁሉንም አየችው፣ ሰማችው፣ አለፈችው።

ሥራውን ታውቀዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከሩሲ ኋላ ኋላ እየሄደች ቅርንጫፉን ስትሰበስብ ኖራለች። ያረጀውን ሐረግ ከሥሩ ታነሳለህ፣ አዲሱ ላይ ሁለት ዐይን፣ ቡቃያ የሚወጣበትን፣ ትተዋለህ፤ ሩሲ ሦስተኛ ይጨምር ነበር፣ "ይቺ ለበረዶ፣ አንዷን ቢመታብን" እያለ። እሷም ለበረዶ ጨመረች። ጊዜው ስላለፈ ግንዱ ውሃ አዝሏል፤ የተቆረጠው ሁሉ ጠብ ጠብ ይላል። እኛ ይሄን ወይኑ አለቀሰ ነው የምንለው።

"አንተስ ታድለሃል" አለችው ቬሊካ ወይኑን፣ ጮክ ብላ። ደግሞም ከልቧ ነው የቀናችበት።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ከገደሉ በኩል ያለው የመጨረሻው ረድፍ ብቻ ቀረ። እዚያ ረድፍ ውስጥ እግሯን ካስገባች ቆይታለች። ሩሲ ነው የከለከላት፤ "እባብ አለ፣ ጉድጓድ ሙሉ እፉኝት፣ እንዳትደርሺ" ብሏት። ቬሊካ ደግሞ እባብ ሲባል የውሃ ጎማም ያስጮሃታል። ስለዚህ ያንን ረድፍ የሚኮተኩተው እሱ፣ የሚለቅመው እሱ ነበር። ከዚያ ረድፍ አንድ ቅርጫት ወይን እንኳ ቤት ገብቶ አያውቅም። ስትጠይቀው "ወፍ ጨረሰው" ይላታል። እሷም ለሰው ሁሉ "የኔ ባል እኮ ለኔ ሲል ከእባብ ጋር ነው የሚውለው" እያለች ስታወራ ነው የኖረችው። አቤት ኩራቷ!

ረድፉ መግቢያ ላይ ቆማ ፍርሃቱ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ቢነድፈኝስ ብላ አሰበች፤ ያም ምንም አልመሰላት። ገባች። ድንጋይ ላይ እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቃለች። አንዲት ትልቅ ጠጉራም ንብ ሐምራዊ አረም ውስጥ እየገባች ትወጣለች። እባብ የለም።

ያለው ጨርቅ ነው። ሐረጉ ሁሉ ከሽቦው ጋር በቁራጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ፀሐይ አንጥቶታል፣ ዝናብ አጠውልጎታል፣ ቋጠሮው ውስጥ ግን አሁንም ቢጫ ነው። አንዱን ፈታችው። ጫፉ ላይ ዳንቴል አለው።

አሁን ልንገራችሁ። በእኛ አገር በዚህ ወቅት ሴቶቹ አሮጌ ጨርቅ አጥበው ገመድ ላይ ይሰቅላሉ፤ ወንዶቹ አውርደው፣ ቀድደው ወይን ያስሩበታል። ወንድ ልጅ ደግሞ በዚያ ሰሞን ገመድ ላይ ያየውን ሁሉ ጨርቅ ነው የሚለው። ሩሲም ከጨርቁ ጋር ቀሚሱንም ጠቅልሎ ወጣ፣ ቀደደ፣ አሰረ። ማታ ቤት ሲመለስ ሚስቱ ጎረቤቷን ሌባ ብላ ጨርሳለች። ያሰረውን ፈትቶ እንዳያቃጥለው ደግሞ እሱ ሲባጎ እንኳ የማይጥል ሰው ነው! ሁሉንም ወደ ገደሉ ረድፍ አዛወረና እባብ ፈጠረ።

"እባብ!" ብላ ጮኸች ቬሊካ። "እባብ አልከኝ! አንተ ቀጣፊ! አንተ ሽማግሌ ውሸታም! ቀሚሴን!" መቀሱን ወርውራ ገደል ሰደደችው። ቁራዎቹ ከለውዙ ላይ ተነሱ። ፊቷ ጋለ፤ ሩሲ ከሞተ ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ንዴት ነው፣ ደስም አላት። ግን አልቆየም። ራይና ትዝ አለቻት፤ ዳቦዋን በብብቷ ይዛ ስትሄድ፣ ከጀርባዋ። ንዴቱ እንደ ውሃ ወረደ፣ ቦታውንም ምንም አልተካውም። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ፈትታ ሽርጧ ውስጥ ሰበሰበች።

ራይና ጓሮዋ ውስጥ ተንበርክካ ሽንኩርት ትተክል ነበር። ቬሊካ በአጥሩ ክፍተት ገብታ ፊቷ ቆመች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ሽርጧን ዘረገፈችው።

ራይና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። አንዱን ቁራጭ አንስታ አየችው። "የት አገኘሽው?"

"ታውቂ ነበር?"

"ሲያወርደው አይቻለሁ። እዚሁ ነበርኩ። 'ኧረ ሩሲ!' ልል አፌን ስከፍት ጭልጥ ብሎ ሄደ።"

"ሌባ ስልሽ ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? በሰው ፊት!"

"ዓይንሽን አይቼዋለሁ ያን ቀን። ያን ንዴት በሱ ላይ ልልቀቀው? በእኔና ባንቺ መሃል መንገድ አለ። እሱ ግን አልጋሽ ላይ ነው የሚያድረው።"

ቬሊካ፣ "እሱስ?" አለች።

"በማግስቱ መጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። 'ወይኑ ይለቀምና እነግራታለሁ' አለኝ። ተለቀመ፤ አንድ ቅርጫት ወይን ይዞልኝ መጣ። በዓመቱም እንደዚያው። አምና ደግሞ፣ 'ዘንድሮ በእናቴ፣ ለቀማው ሲያልቅ' ብሎ ማለልኝ።" ሩሲ የሞተው ለቀማው ሊጀመር ሲል ነው። ራይና ያንን አልተናገረችም። "የገደሉ በኩል ወይን ይጣፍጣል" አለች በምትኩ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ወይንሽን ስበላ ነው የኖርኩት። ሌባ ማለትሽ ጨርሶ ውሸት አይደለም።"

የቬሊካ ከንፈር ፈገግ ሊል ፈለገ፤ መንገዱ ግን ጠፋው። "ልትሄጂ ነው አሉ" አለች።

"ለፋሲካ።"

"ቅሪ።"

"ልጄ ክፍሉን ቀለም አስቀብቶ ጨርሷል፣ ቬሊካ። ቤቱን ለሰው ሰጥቻለሁ።" ራይና ቁራጩን ጨርቅ እያጠፈች ነበር፣ እንደ መሐረብ። "አምና ብትጠይቂኝ ኖሮ እቀር ነበር።"

ያኔ ቬሊካ እዚያው ሽንኩርት የተተከለበት መደብ ላይ ቁጭ አለች፣ አፏን ከፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ለባሏ ይሁን፣ ለጎረቤቷ ይሁን፣ እሷም አላወቀችም። ራይና ከሥሯ የተጨፈለቀውን ሽንኩርት እያየች እስኪወጣላት ትከሻዋን ይዛት ቆየች።