ያልታሸው ሆድ

አማቴ በኮባ የጠቀለሉትን ቅቤ ይዘው ከሰፈራቸው ከጪጩ የመጡ ቀን፣ ገና በር ላይ እያሉ ነገሩ ገባኝ። ሆዴን ሊያሹ ነው። በእሳቸው ሰፈር እርጉዝ ሁሉ የምታስጠራው እሳቸውን ነው፤ ልጁ ተንጋደደ ከተባለ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ያቃኑታል ይባላል። የኔ ደግሞ አግድም ተኝቷል። ወሬውን ለእናቱ ያደረሰው ባለቤቴ ነው፤ አስተማሪ ሆኖ እንኳ ምስጢር ሆዱ ውስጥ አያድርለትም።

እኔ ዲላ ገበያ ውስጥ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ ነኝ። ጨርቅ እሸጣለሁ፤ አፌ እንደ ሱቄ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። እሳቸው ጸሎት የሚወዱ፣ ቁጥብ የጌዴኦ እናት ናቸው። ሰው ሲያናግሩ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ እኔ "አንተ" ነኝ። እየሳቅሁ ለምጄዋለሁ።

"ተኛ፣ ልየው" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

"አይሆንም እማማ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል።"

አልትራሳውንድ ያየልኝ ሐኪም፣ እንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የማህፀኔን በር ሸፍኖታል ብሎኛል። ልጁ አግድም የተኛውም በዚሁ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ከባድ ነገር አታንሺ፣ ሆድሽን ማንም እንዳያሽ፣ ደም ካየሽ ባያምሽም ወዲያው ነይ፣ የምትወልጂውም በቀዶ ጥገና ነው አለኝ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"እንግዴ ልጅ ከልጅ በኋላ ነው የሚወጣ! በር ላይ ምን ይሠራል?" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "ማሽን ታምናለህ፣ የኔን እጅ አታምንም።"

"ኧረ እማማ፣ ንቄዎት አይደለም።"

"ንቀህ ነው እንጂ።"

በቃ፣ ተኮራረፍን። ቅቤውን መደርደሪያው ላይ አኑረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እኔም ግትር ነኝ፣ አላባበልኳቸውም። የባለቤቴ ታላቅ እህት በወሊድ መሞቷን አውቃለሁ። እነሱ ቤት "ደም ፈሷት ሞተች" ይባልና ወዲያው ወሬው ይቀየራል። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፉ፤ ተቀይመው ሊሄዱ ነው። ልሸኛቸው ከወንበሬ ብድግ ስል ትኩስ ነገር በእግሬ ወረደ። የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ደም ነው። ወይኔ! ደም ብቻ! ቀሚሴን አልፎ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ደግሞ አለማመሙ ነው። ቁርጠት የለ፣ ምጥ የለ፣ ምንም የለ። ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ ጣቱን ሲቆርጠው እንኳ ያመዋል፤ እኔ ይህን ሁሉ እየደማሁ ደህና ነበርኩ። "አያመኝም! አያመኝም!" እያልኩ ስጮህ ነበር አሉ፤ እኔ አላስታውስም።

የማስታውሰው የአማቴን ፊት ነው። ይጮሃሉ ስል በቆሙበት ደርቀው ቀሩ። ቀስ ብለው "እሷም አያመኝም አለች" አሉ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም፤ የጭንቅ ሰዓት ነው።

ባለቤቴ ባጃጅ ይዞ መጣ። ጉድጓዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ልጄ ያለቀ እየመሰለኝ ነፍሴ ትወጣለች። አማቴ ራሴን ጭናቸው ላይ ይዘው በጌዴኦኛ ይጸልያሉ። አንድ እጃቸው ወደ ሆዴ መጣ ይልና ይመለሳል።

ሆስፒታል ስንደርስ ሁሉም ሩጫ ሆነ። መርፌ፣ ፊርማ፣ "ደም የሚሰጥ ማነው?" የሚል ድምፅ። ልጄን ሳላየው ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከቀዶ ጥገናው ስነቃ አጠገቤ ወንድ ልጅ አለ፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ የተቆጣ። ይተነፍሳል። እኔም እተነፍሳለሁ። ማመን አቃተኝ።

ነርሷ ግሉኮሴን እያስተካከለች "ቶሎ መምጣታችሁ ነው ያተረፋችሁ" አለችኝ። አማቴ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

"ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሆድ ቢታሽስ?" አሏት።

እሷ ምን ታውቃለች! ቀና እንኳ ሳትል "ኧረ እናቴ! እንግዴ ልጁ ሊላቀቅ ይችላላ። እናትም ልጅም ሊሞቱ ይችላሉ" ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች።

አማቴ መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። "የልጄም አግድም ነበር" አሉኝ። "አሸሁት። ተቃና ብዬ ደስ አለኝ። ሳይመሽ ሄደች።"

ስንት ዓመት ሙሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ሲሉ የኖሩትን፣ አንዲት ነርስ እግረ መንገዷን አፈረሰችባቸው። ደነገጥኩ፣ አዘንኩ፣ ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

"እማማ፣ እኔኮ ማንም ሳይነካኝ ነው የደማሁት" አልኳቸው። "የሷም እንዲያው የመጣ ሊሆን ይችላል።" ልሸነግላቸው ብዬ አይደለም፣ እውነቴን ነው።

"አንተን ማንም አልነካህም" አሉ። "እሷን እኔ ነካሁ።"

ሌላ የምሰጣቸው ስላልነበረኝ ልጁን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁት። እጃቸውን ነጠላቸው ስር ደበቁ።

"አንተ ያዝ። የኔ እጅ ይቅር።"

ቁስሌ እየጠዘጠዘኝ እንደምንም አንስቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። እጃቸው አልወጣም። ያ የተቆጣ ልጅ ተንፈራገጠ፤ ሲንፈራገጥ ወደ ጉልበታቸው ተንሸራተተ። እኔ "እማማ!" ብዬ ስጮህ ሁለቱም እጃቸው ከነጠላው ስር ወጥቶ ያዘው።