በበረኪና የታጠበ የሙዝ ልጣጭ

ዛሬ እዚህ ዓረብ አገር፣ ጃል ኤል ዲብ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የቆሻሻ በርሜል አሸተትኩ። በረኪና በረኪና ይላል።

በርሜሉ የወዳጄ የጥሩወርቅ ነው፤ እዚያው ሕንፃ ተቀጥራ ትኖራለች። የወጥ ቤቱ ትርፍራፊ ተለይቶ እዚያ ይበሰብስና አፈር ይሆናል ተብሎ ነበር። ማዳሟም «አፈሩ ሲደርስ ጥጉ ላይ ጎመንሽን ትተክያለሽ» ብላታለች።

ወራት አለፉ፤ ልጣጩ ግን እንደተጣለ ቁጭ ብሏል።

ዛሬ ማዳሟ ጣሪያው ላይ ወጣችና፣ «ኸላስ፣ በቃ ጥሩወርቅ፣ አልሆነም። በርሜሉ ነገ ይወርዳል» አለቻት።

የጥሩወርቅ ዓይን እንባ አቀረረ። «ምን አጎደልኩ ማዳም? በየቀኑ በበረኪና እያጠብኩ ነው የምከተው።»

«ምኑን? ልጣጩን?»

«ያኒ፣ ታዲያ ቤቱ ይሽተት?»

ማዳሟ ግንባሯን ይዛ ሳቀች። ለካ ልጣጩን አፈር የሚያደርጉትን ትሎች በረኪናው ሲፈጃቸው ነው የከረመው። ሁሉን ነገር በበረኪና ማጠብ ያስተማረቻት ደግሞ ራሷ ናት።

እኔ ግን ሳስበው ዋልኩ። ይሄው ልጣጭ ከከተማው ቆሻሻ ጋር ሲቀበር፣ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። እኛ ግን ከዓይናችን ከራቀ ጸዳ እንላለን።

ማዳሟ ሐሳቧን ስለቀየረች በርሜሉ አይወርድም። ዛሬውኑ ባዶ ሆኖ፣ በውኃ ብቻ ታጥቦ እንደገና ተጀመረ። ጥሩወርቅ የመጀመሪያውን ልጣጭ ሳታጥብ ስትጥል ፊቷን አዙራ ነው።

የእናንተስ እጅ፣ ቤት ስታጸዱ ለምዶት አልተው ያለው ነገር ምንድን ነው? ጻፉልኝ፤ ለጥሩወርቅ አነብላታለሁ።