በቢትኮይን የጋበዝኩት ምሳ

በፈረንጆቹ 2014 ገደማ፣ ሲያትል አጠገብ ሬድመንድ ከተማ ውስጥ ሶፍትዌር እየፈተሽኩ ደሞዝ የምበላ፣ የቀረውን ጊዜዬን ደግሞ የሲያትልን ሐበሻ ከጥሬ ገንዘብ ባርነት ነፃ ለማውጣት የሰጠሁ ሰው ነበርኩ። ነፃ አውጣን ያለኝ አልነበረም። ቢሆንም ሥጋ የምገዛባቸውን ባለሱቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነዘነዝኳቸው። እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ሱቃቸው በርበሬም ሥጋም ይሸጣል፣ ከኋላ በኩል ምግብ የሚበላበት ሦስት ጠረጴዛ አለው።

«የካርድ ማሽኑ ሲበላሽ ካምፓኒው ጋ ኮል አድርጌ እጮህባቸዋለሁ» አሉኝ። «ይኼ ያንተው ሲበላሽ ማን ላይ ነው የምጮኸው?»

«ቢትኮይን ባለቤት የለውም እኮ፤ ጥሩነቱ እሱ ነው።»

«ሶ፣ የሚጮህበት ሰው የለም ማለት ነው?»

በመጨረሻ መተግበሪያውን ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው፣ የመክፈያውን ኮድ አትሜ ባንኮኒው ላይ ለጠፍኩ። እሺ ያሉት አምነውኝ ሳይሆን እንድተዋቸው ነው።

የመጀመሪያው ከፋይ እኔው ራሴ ሆንኩ። ቀኑንም የመረጥኩት በጥበብ ነው፤ ላገባት የምፈልጋትን ልጅ አባት ምሳ የምጋብዝበት ቀን። ከሲያትል ኤርፖርት አጠገብ ዴ ሞይን የሚኖሩ፣ እዚያው ኤርፖርት ውስጥ ሠርተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ የባለሱቋም የድሮ ደንበኛ ናቸው። ከእሳቸው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ይኼ ልጅ ቤት ያስተዳድራል» እንዲሉኝ። እምነቴን ለማሳየት መንጃ ፈቃዴን ብቻ ይዤ፣ ገንዘቤንም የባንክ ካርዶቼንም ሆን ብዬ ቤት ትቼ ሄድኩ።

ምሳው አማረ። ሂሳብ ሲመጣ የአባትየው እጅ ወደ ኪሳቸው ሄደ።

«በሞቴ! ዛሬማ የእኔ ነው» ብዬ ተነሳሁ። ስልኬን አውጥቼ ኮዱን ስካን አደረግኩ፣ ክፍያውን ሰደድኩ። ባለሱቋ ስልካቸውን አዩ።

«አልገባም» አሉ።

«ማረጋገጫ እየጠበቀ ነው።»

«ማነው የሚያረጋግጠው?» አሉ አባትየው።

«በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒውተሮች።»

«ለአንድ ኪሎ ሥጋ?»

አስር ደቂቃ ይፈጃል የተባለው ሃያ አለፈው። ሂሳብ ሲመጣ ስልኩን የሚነካካ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። አባትየው ሂሳቡን በጥሬው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ተነሱ። መኪናዬ ድረስ ሸኙኝና ጃኬቴ ኪስ ውስጥ የታጠፈች ሃያ ዶላር ወሸቁ።

«ሰው ይቸግረዋል፤ ያለ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለቤንዚን ትሁንህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የባሰው ደግሞ ቤንዚኔ በእርግጥም አልቆ ነበር። ማደያው ቢትኮይን አይቀበልም። የእሳቸውን ሃያ ዶላር ሰጥቼ ቀዳሁ።

እየቀዳሁ ባለሱቋ ደወሉ። «ገባ! ሁለት ጊዜ ተከፈለኝ እኮ። ያንተን ልመልስልህ?»

«የእኔን ተዉት፤ የእሳቸውን ይመልሱላቸው። እባክዎ፣ አሁኑኑ ኮል አድርገው እንደከፈልኩ ይንገሩልኝ» አልኳቸው፣ ለማልቀስ ትንሽ ሲቀረኝ።

«ኦኬ፣ እነግራቸዋለሁ» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ግን ምን ብዬ? በዱቤ በልቶ ኋላ ከፈለ ልበላቸው?»