ያልተሰበረው የደም መቁጠሪያ

ከጎንደር የተነሣሁት ለአንድ የምስጋና ደብዳቤ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገርና አንባቢ እንደወደደ ይፍረድ። እዚያው ጎንደር አራዳ ውስጥ ሰዓት መጠገን ከጀመርኩ አርባ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት፣ የመነጽር መስታወት መሞረዱን ከተሰበሩ መነጽሮች፣ የማይክሮስኮፕ ጥገናውን ደግሞ "አይሠራም" ተብሎ ከተጣለ ማይክሮስኮፕ ተማርኩ። ዛሬ የከተማው ክሊኒኮች ማይክሮስኮፓቸው ሲደበዝዝባቸው ይዘው የሚመጡት ወደ እኔ ነው። ዲግሪ ያላቸው ልጆች አጠገቤ ቆመው እጄን ሲያዩ ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም።

ከሥራዎቼ ሁሉ የምኮራበት ግን የደም ሴል መቁጠሪያው ስላይድ ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። ሐኪም በሰው ደም ውስጥ ስንት ነጭ ሴል እንዳለ ማወቅ ሲፈልግ፣ ደሙ በፈሳሽ ይቀጥንና ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች በተቀረጹበት ወፍራም መስታወት ላይ ጠብ ይደረጋል። በላዩ ሌላ መስታወት ይከደናል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው፤ ከዚያ ከጠበበም ከሰፋም ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። ከውጭ የሚመጣው ስላይድ ሁለመናው መስታወት ስለሆነ ከእጅ ካመለጠ አለቀለት፤ የገጠር ጤና ጣቢያ ሌላ እስኪላክለት ወራት ይጠብቃል። እኔ መስታወቱን ነሐስ ውስጥ ቀበርኩት። መስመሮቹን ከሰዓት ጥርሶች በሠራሁት መሣሪያ፣ በአልማዝ ጫፍ አሰመርኩ። ክዳኑ የሚያርፍባቸውን ሁለት ትከሻዎችም ከነሐስ አወጣሁለት። ከጠረጴዛዬ ላይ ሲሚንቶው ወለል ላይ ሃያ ጊዜ ጣልኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

የመጀመሪያውን ባለፈው ጥቅምት ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ በነጻ ሰጠሁ። የጣቢያውን ስም አልጽፍም። ከዚያ በኋላ ሌሎች አምስት ሠራሁ፤ ለሌሎች ጣቢያዎች ለመሸጥ ስጠይቅ ግን "ማገልገሉን የሚመሰክር ማህተም ያለበት ወረቀት አምጣ" ተባልኩ። በሰኔ መጀመሪያ ሳምንት አምስቱን ስላይዶች በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ማይክሮሜትሬን ጨምሬ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተ ሰሞን ስለነበር መናኸሪያው ተጨናንቋል። ለአምባ ጊዮርጊስ ሁለት መቶ ብር ጠየቁኝ።

"በቀደም መቶ ሃምሳ አልነበረም?" አልኩት ረዳቱን።

"አባባ፣ በቀደም መንገዱም አልነበረም" አለኝ። የተሳፈረው ሁሉ ሳቀብኝ። ከፈልኩ።

ወለቃን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ጉሙ ወረደ። ኮሶዬ ላይ ገደሉ ከነቆላው ጠፍቶ፣ ያለነው በነጭ ጨርቅ የተጋረደ ክፍል ውስጥ ይመስል ነበር። ኬላው ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ወታደር ቦርሳዬን ከፍቶ ከነሐሶቹ አንዱን አነሣ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የሰው ደም መቁጠሪያ።"

"በል የእኔን ቁጠርልኝ፤ ደመወዝ እስኪመጣ ይበቃኝ እንደሆነ" ብሎ መለሰልኝ።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቅቅል ድንች በአዋዜ በላሁ፤ ሳህኑ ስልሳ ብር። ከዚያ እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣብቄ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ግራና ቀኙ የእርሻ ሰሞን ነው፤ ጥማድ በየማሳው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። በዚህ ዕድሜዬ ያለ ከዘራ መሄዴን ያየ ገበሬ ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር።

ሰባት ሰዓት

የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ደረጀ ይባላል፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሥራ የማይጠላ ሰው ነው። ከበሩ ሲያየኝ ጓንቱን አውልቆ ሮጠ።

"ጋሽ ዘለቀ! ስላይድዎ እኮ አንበሳ ነው!"

"ስንት ጊዜ ወደቀ?"

"እኔ ብቻ አምስቴ ጥየዋለሁ።"

ከመሳቢያው አወጣልኝ። ወርቅ ይመስላል። እኔ እንኳ ስሠራው እንዲህ አላበራሁትም። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ውዴ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጣች። የቄስ ሚስት ናት።

"እኔ ነኝ የማበራው" አለች። "ቄሱ የደብሩን የዕጣን ጽና በአመድና በሎሚ ሲወለውል እያየሁ ነው የኖርኩት። ነሐስ ደብዝዞ ማየት ያሳፍረኛል። ጠዋትና ማታ እፈትገዋለሁ።"

"ሸጋ አድርገሻል" አልኳት።

የጣቢያው ኃላፊ ደብዳቤውን አስተይቦ ጠበቀኝ። "ስምንት ወር ሙሉ ሳይሰበርና ሳይሰነጠቅ አገልግሏል" ይላል፤ ማህተሙ ክብ፣ ፊርማው ሰፊ። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ አነበብኩትና የኮቴ ውስጥ ኪስ ከተትኩት። ያኔ ብመለስ ኖሮ ይህ ማስታወሻ የምስራች ይሆን ነበር።

ደረጀ ሻይ እየቀዳልኝ፣ "አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ" አለ። "የዚህ አገር ሰው ነጭ ሴሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። ብርዱ ይሆን?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"መጀመሪያ እንኳ ደህና ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ማንንም ብቆጥር ዝቅ ይላል።"

"ብርድ ሴል አይበላም" አልኩት። "ደሙን ስታቀጥን ተሳስተህ ነው። ዲግሪው እጅን አያስተምርም።"

ተቆጣ። "እንግዲያው በእርስዎ ደም እንየው" አለና ጣቴን ወጋው። በአሮጌው ስላይድ ሦስት ሺህ ሆነ። ከቦርሳዬ አዲሱን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ያንኑ ደም ቆጠረው፤ ከስድስት ሺህ በላይ። "ድገመው" አልኩ። ደገመው፤ ያው ነው። እኔ ራሴ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። ያው ነው።

ማይክሮሜትሬን አውጥቼ የአሮጌውን ትከሻዎች ለካሁ። ትከሻዎቹ ተበልተዋል። ወረቀት የሚያህለው ክፍተት በግማሽ ጠብቧል፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ደም ግማሽ ነው።

"በአመድ እጠቢው ያለሽ ማነው?" አልኳት እትዬ ውዴን። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ግራ ተጋብታ አየችኝ። "እርስዎ አይደሉም እንዴ? 'ጌታዬ፣ በምን ልጠበው?' ብዬ ብጠይቅዎ፣ 'በአመድ ብትፈትጊውም የዘለቀ ሥራ አይነካም' ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁት እኮ።"

ብያለሁ። ስላይዱን ያስረከብኩ ቀን፣ ኃላፊው ባለበት፣ ነርሶቹ ባሉበት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ያልኩት ነው።

ደረጀ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ተለወጠ። "ሙሉቀን" አለ።

"ማነው ሙሉቀን?"

"የአያ ምስጋናው ልጅ። መተማ ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰ። ትኩሳት አለው፣ ይከሳል፣ ጣፊያው አብጧል። የዚያ ቆላ በሽታ የሆነው የካላዛር ፈጣን መመርመሪያው ካለቀብን ቆይቷል። ካላዛር ነጭ ሴልን ስለሚያወርድ ቆጠርኩለት፤ ከሁሉም ያነሰ ነበር። ግን የሁሉም ሰው ዝቅ ሲልብኝ ቁጥሩን ማመን ትቼ ነበር። ለሁሉም እንዲህ ነው ብዬ የወባ ክኒን ሰጥቼ ወደ ቤቱ ሰደድኩት።"

"መቼ?"

"ሁለት ሳምንት ሆነው።"

ካላዛር ካልታከመ እንደሚገድል ለእኔ መንገር አያስፈልገውም ነበር። ኮቴን ለብሼ ተነሣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት

ከጣቢያው የአያ ምስጋናው ቤት አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ደረጀ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አያ ምስጋናው ግቢው ውስጥ ሞፈር እየጠረበ ነበር፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ዓይኑ የማይርገበገብ ሰው።

"ምነው ደረጀ፣ በደህና?"

"ሙሉቀንን ለማየት ነው።"

"ደህና ነው ብለህ አይደል የሰደድኸው? ግባ፤ ደህንነቱን እይ።"

ልጁ መደብ ላይ ተኝቷል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ክንዱ የእኔን ጣት ያህላል፤ ሆዱ ግን ተነፍቷል። ደረጀ ግራ ጎኑን ዳሰስ ሲያደርገው ጥርሱን ነከሰ። "ነገውኑ ጎንደር ይግባ" አለ ደረጀ።

"ነገ ጠበል ልወስደው ነበር" አለ አባትየው። "ማሳዬም ግማሹ አልታረሰም።"

"ያርሱልሃል ጎረቤቶችህ" አልኩት። "የመኪናውን እኔ እችላለሁ። አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

አየኝ። "አያ፣ እርስዎን አላውቅዎትም። ምን አሳሰበዎት?"

"ሥራዬ ነው" አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱም አልነበረም።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

አራት ጎረቤቶች ሙሉቀንን በቃሬዛ አስፋልት አደረሱት። የመጀመሪያው ሚኒባስ አይቶን አለፈ። የሁለተኛው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ "ሬሳ አልጭንም!" አለ።

"ሬሳ እንዲህ አያፈጥብህም" አለው ከተሸካሚዎቹ አንዱ። "ይኸው እያየህ ነው፤ ታርጋህንም እያነበበ ነው።" ሙሉቀን እንኳ ከንፈሩ ፈገግ አለ። የሦስት ሰው ሒሳብ ከፍዬ የኋላውን ወንበር ያዝን፤ ልጁ ጭንቅላቱን አባቱ ጭን ላይ አደረገ።

አምባ ጊዮርጊስን ካለፍን በኋላ አያ ምስጋናው መናገር ጀመረ። "እግዜር ይስጥዎ አያ። እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሰው ይሳሳታል፣ መስታወት ግን አይዋሽም፤ መስታወቱ የባሰ የለበትም ካለ ምን አደርጋለሁ አልኩ።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከደረጀና ከእትዬ ውዴ በቀር የሚያውቅብኝ የለም። ግን በሕይወቴ የሠራሁትን ሥራ አልሠራሁም ብዬ አላውቅም።

"መስታወቱን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩት። አመዱንም፣ ነሐሱንም፣ የተናገርኩትንም ቀልድ ነገርኩት።

እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ከዚያ፣ "ነሐሱ በአመድ አለቀ ነው የሚሉኝ?"

"አዎ።"

"እኔ ማረሻ አለኝ" አለ። "ብረት ነው፤ ከነሐስ ይጠነክራል። በለስላሳ አፈር ያልቃል። ስለዚህ በየጊዜው እያየሁ አንጥረኛ ዘንድ አስመታዋለሁ። እርስዎ ስምንት ወር ምነው አንድ ቀን መጥተው አላዩትም?"

ከኮሶዬ እስከ ወለቃ ድረስ ጉሙ ተገፍፎ ቆላው ሁሉ ይታይ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ሰባት ሰዓት፣ ጎንደር

ሆስፒታል ተቀበሉን። ከጣፊያው ናሙና ወስደው አዩ፤ ካላዛር ነው። ወጣቱ ሐኪም የቤተሰቡ ሽማግሌ መስዬው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ብታመጡት ኖሮ ደሙ እንዲህ አይወርድም ነበር" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። መርፌው በዚያው ቀን ተጀመረ።

አራዳ ቤቴ ስገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እንደገና አነበብኩት። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም፤ አልተሰበረም፣ አልተሰነጠቀም። ለዚህ ነው ለማንም ያልሰጠሁት። ያ የምንንቀው የውጭ ስላይድ ሲሰበር ሥራ ያቆማል፤ ባለሙያው "የለኝም" ብሎ በሽተኛውን ወደ ጎንደር ይልካል። የእኔው ግን እያበራ፣ እየተመሰገነ፣ በየቀኑ ሲዋሽ ከረመ። አለመሰበርን ብቻ አስቤ፣ ማለቅን ሳላስብ ቀረሁ። ይህን ከአርባ ሰባት ዓመት ሥራ በኋላ ያስተማረኝ ጭቃ በእግሩ የደረቀበት ገበሬ ነው፤ ሁሉን ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ ስል የኖርኩ ሰው ይህን መጻፍ አልቀለለኝም።

አምስቱን ስላይዶች ፈታኋቸው። ትከሻዎቹን አሁን ከመስታወት እየሠራሁ ነው፤ በላያቸውም ስስ ጭረት እቀርጻለሁ። ጭረቱ ከጠፋ ስላይዱ አልቋል፣ ይጣል። ለደረጀ አንዱን ላክሁለት፤ ለእትዬ ውዴም በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ እንድታጥበው፣ ጥፋቱም የእርሷ እንዳልሆነ በእጄ ጻፍኩላት። ሥራው ጥሩ ነው። ከእኔ የተሻለ የሚሠራው በዚህ ከተማ የለም፤ ይህን አሁንም እላለሁ።

ሙሉቀን ድኗል ለማለት ገና ነው። ትኩሳቱ ትናንት ቀነስ ብሏል፤ ዛሬ ተመልሷል። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ በሳህን ቋጥሬ እወስድላቸዋለሁ። አያ ምስጋናው ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበለኛል፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል፤ ነውር የማይሠራ ሰው ነው። ከዚያ ልጁን ያጎርሳል፣ ራሱም ይበላል። በሩ ላይ የሚያልፈውን አስታማሚ ሁሉ፣ የማያውቀውን ሰው እንኳ ሳይቀር፣ "እንብላ" ይላል። ለእኔ፣ አልጋው ራስጌ ለቆምኩት፣ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ብሎኝ አያውቅም።