ሰባት ጊዜ የታጠበ እጅ

ባለፈው ሳምንት እህቴ ከጅግጅጋ ደወለችልኝ። ቡችላዋን ድንገት አስመልሷት ግራ ገብቷታል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጎረቤት የሆነ ነገር ሰጥቷት ይሆን እንዴ?" አለችኝ።

"መጀመሪያ ያስመለሳትን ነገር እዪው። ለጊዜው ምግብ አትስጫት፤ ውሃ ትንሽ ትንሽ አቅምሻት። ከደገማት ሐኪም ጋ ውሰጃት" አልኳት። ድሮ እንዲህ ረጋ ብዬ የምናገር ሰው አልነበርኩም።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሊነግድ ከደብረ ብርሃን አምጥቶን ጅግጅጋ ከገባን ጥቂት ወራችን ነበር። ከተማዋ ከረብሻ ገና እያገገመች ስለነበር ሰው ሰላም እየተባባለም ይጠራጠራል። ግቢ የምንጋራቸው አዴር ሙሁመድ የቀድሞ የግመል ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ "አዴር"፣ አጎት እያለ ይጠራቸዋል። ቡችላዬ ቡቺ ስትጠጋቸው ሽርጣቸውን ሰብስበው በከዘራ ያርቋታል። እኔም ይህን በልቤ ይዤባቸው ነበር።

አንድ ቀን ለምሳ የግመል ሥጋ በሩዝ በፌስታል አስቋጥሬ መጣሁ። የካራማራ ነፋስ አቧራውን ያነሳዋል፤ በሬን ገርበብ አድርጌ ጣቴን እየላስኩ በላሁና እዚያው እንቅልፍ ጣለኝ።

ስነቃ ቡቺ ደጃፌ ላይ አረፋ ታስመልሳለች። አዴር ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን በአፈር ይፈትጋሉ፣ ያጥባሉ፣ እንደገና ያጥባሉ። መርዝ ያልነካ ሰው እጁን እንዲህ ይፈትጋል? ደሜ ፈላ። ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል ሰምቼ ነበርና በኩባያ ይዤ ወጣሁ።

"ምን አበሏት?" ብዬ ጮህኩባቸው።

"ወተቱን ተወው፣ ልጄ። ሆዷ ይረፍ።"

"ምን አበሏት ነው የምልዎት!"

በከዘራቸው ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝ። በስብና በምራቅ የራሰ ፌስታል ተጥሏል።

"እሱ ጉሮሮዋ ገብቶ ነበር። ዋላሂ፣ ልትሞት ነው ብዬ ጎትቼ አወጣሁት" አሉ። "እኛ የውሻ ምራቅ ከነካን ሰባት ጊዜ ነው የምንታጠበው፣ አንዱ በአፈር። አሁን ሶላት ሳያመልጠኝ ልጨርስ።"

ፌስታሉ የእኔ ነበር፤ ቋጠሮውን እንኳ አልፈታሁትም፣ ቀድጄ ነው የበላሁት። እፍረቱ ጆሮዬን አጋለው። ወተቱን አስቀምጬ የሚታጠቡበትን ጆግ አነሳሁ።

"ስንተኛው ላይ ነዎት?"

"አራት ጨርሻለሁ።"

የቀሩትን ሦስት እኔ አፈሰስኩላቸው። ይቅርታ ግን ከአፌ አልወጣም። ሲመሽ ቡቺ ውሃ ላፍ ላፍ አደረገች፤ በማግስቱ ከዘራቸውን ልትነክስ ስትሮጥ ሳያት እንባዬ መጣ።

እህቴ ባለፈው ሳምንት በደወለችልኝ ማግስት መልሳ ደወለች። ከቡችላዋ ሆድ የወጣው የእህቴ የራሷ ካልሲ ነው። ተሳሳቅን። ስልኩን ስዘጋ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የመጀመሪያ ቀን "ጎረቤት" ስትለኝ፣ ያን ሁሉ ምክር ከመስጠቴ በፊት፣ እንደ ያኔው ሰው ልጠረጥር ስል አፌ ላይ ደርሶ የዋጥኩት ጥያቄ ነበር፦ "የትኛው ጎረቤት?"