የነስሩ ጊደር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማህሌት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባች። ዘንድሮ የክረምት በጎ ፈቃደኞች ቡድን ውስጥ ናት፤ ከወልቂጤ ወጣ እያሉ የዱር እንስሳት ዱካ ይከታተላሉ። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«አባዬ፣ ይኼ የጅብ ነው የውሻ?»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። እርጥብ አፈር ላይ የታተመ ክብ መዳፍ ነው፣ አራት ጣት፣ የጥፍር ምልክት የለውም። ውሻና ጅብ ሲራመዱ ጥፍራቸው መሬት ይነካል። ጥፍሩን ሸሽጎ የሚሄደው ሌላ ነው። ይህን ዱካ መጀመሪያ ያሳየኝ ነስሩ ነበር፣ መስቃን ውስጥ፣ እኔም ዕድሜዬ እንደ ማህሌት ሳለ።

ያኔ የምንኖረው ቡታጅራ ነበር። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነው፤ ነስሩ ደግሞ ከመስቃን ገጠር በእግሩ እየተመላለሰ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚማር ልጅ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጨርሰን ሥራ ስንፈታ አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ በጎ ፈቃደኛ ፈለገ። ጭቃው ዱካ ስለሚይዝ ክረምቱ ሳያልፍ በየሸለቆው ምን እንስሳ እንደቀረ ማወቅ ይፈልጋል። ሁለት ሁለት አድርጎ ሲደለድለን እኔና ነስሩ አንድ ላይ ሆንን።

ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። በጠዋት ተነስቼ በበርበሬው ማሳ መሀል ስሄድ ሱሪዬ በጤዛ ይበሰብሳል። ነስሩ ቤት ስደርስ እናቱ ትኩስ ቆጮ በአይብ ይሰጡኛል፤ እምቢ ብል ጨምረው ይሰጡኛል። ከዚያ በእንሰቱ ሥር ሾልከን ወደ ገደሉ እንወርዳለን። የሚዳቋ፣ የጃርት፣ የከርከሮ ዱካ እያየን በክር እንለካለን። ነስሩ ጭቃ ማንበብ ይወድ ነበር። «ይቺ ሮጣለች፣ ይቺ ደግሞ ቆማ አዳምጣለች» ይለኛል። አንዳንዴ እየፈጠረ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ያንን ጥፍር አልባ ዱካ አገኘን። ተከተልነው። ወንዙ ማዶ፣ ከቋጥኙ ስንጥቅ ፊት ለፊት፣ ነብሯ ተጋድማ ሁለት ግልገሎች ጅራቷን እየነከሱ ይጫወታሉ። ከፍርሃት ይሁን ከደስታ እንጃ፣ የነስሩን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ። ነስሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጆሮዬ ሥር፣ «ወላሂ ለማንም አልናገርም! ለአባቴም ቢሆን» አለ። ማል ያለው ሰው አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ ነብሯ የአክስቱን የዘይነባን ፍየሎች ጨረሰች። ዘይነባ ባሏ ሞቶባት ትንሽ ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ልጇን የምታጠጣው የእነዚያኑ ፍየሎች ወተት ነበር። ለባለሙያው ስንነግረው አዘነ፤ ስለ ፍየሎቹ ካሳ ስንጠይቀው ግን «ይታያል» አለን። «ይታያል» ምን ማለት እንደሆነ በአገራችን የማያውቅ የለም።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ፣ በመንደሩ መሀል በሚያልፈው በዚያ ሰፊ የሣር መንገድ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ወጣቶቹ ጦርና ገጀራ ይዘው ዳር ቆመዋል። ነብሯን ለመግደል የቸገራቸው ዋሻዋን አለማወቅ ብቻ ነው። ዱካ ስንከተል መክረማችንን ደግሞ አገር ያውቃል።

ሐጂ ሙደሲር፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ነስሩን መሀል አስቆሙት።

«ልጄ፣ የአውሬዋን ቤት ታውቃለህ?»

ነስሩ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«አላውቅም ካልክ ማልና ሂድ። ማንም አይነካህም።»

ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ነስሩዬ፣ በጀርባዬ ያዘልኩህ ልጅ ነህ። ዛሬ ፍየል ነው፤ ነገ ልጄን ብትወስድብኝስ?» አለችው።

ልናገር አፌን ስከፍት ነስሩ በተረከዙ እግሬን ረገጠኝ። ሐጂ አይተውን ነበር መሰለኝ፣ «አንተ እንግዳ ነህ፤ እንግዳ አናስምልም» አሉኝ። ያን ቀን እንግዳ መባል እንደዚያ ያቃጠለኝ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነስሩ ቀና አለ። «ሐጂ፣ አንድ ጊዜ ወላሂ ብያለሁ። ያንን አላፈርስም። አላውቅም ብዬም በሐሰት አልምልም።»

ጉርምርምታ ተነሳ። በመንደሩ ደንብ ለመማል እምቢ ያለ ሰው አይደበደብም፣ አይታሰርም፤ ጉዳቱን ራሱ ይሸከማል። ጉዳቱ ከተካሰ ደግሞ ነገሩ ይዘጋል፤ የአውሬ ደም እንኳ ቢሆን አይፈለግም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ነስሩ ያለችው አንዲት ጊደር ናት፣ ግንባሯ ነጭ፣ ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጁ ያሳደጋት። አድጋ ስትሸጥ ወልቂጤ ሄዶ የሚማርባት እሷ ነበረች።

«ጊደሬን አክስቴ ትውሰድ» አለ።

ሐጂ «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። አሚን ተባለ። ጦር የያዙት ልጆች እያጉረመረሙ ተበተኑ። የነስሩ አባት ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ቤት ሄዱ። ጊደሯ ስትነዳ ወደ ነስሩ ዞራ ጮኸች፤ እሱ ፊቱን ወደ እንሰቱ አዞረ።

ለመስቀል ጥቂት ሲቀረው ዱካዎቹን ወደ ተራራው ሲወጡ አየናቸው፤ አንድ ትልቅ፣ ሁለት ትንንሽ። ልደሰት ሞከርኩ። ነስሩ ክሩን እንኳ ከኪሱ አላወጣም። እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ፤ እሱ አዲስ አበባ ሄዶ መርካቶ ሱቅ ተቀጠረ። ዛሬ ቡታጅራ የራሱ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። በየበዓሉ እንደዋወላለን። ስለዚያ ቀን ግን አንስተን አናውቅም። ልክ ነበር ወይስ ልጅነት? ዘይነባ ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት ልጇን አቅፋ ሳትተኛ አደረች? ይህ ጥያቄ አሁንም ሆዴ ውስጥ አለ።

«አባዬ! የምንድን ነው?» ማህሌት ትከሻዬን ነቀነቀችኝ።

«የነብር ነው።»

ጮቤ ረገጠች። «በቃ ለማንም አልናገርም! እምልልሃለሁ…»

«ቆይ!» አልኳት፤ ድምፄ ጮክ ብሎ ራሴንም አስደነገጠኝ። ስልኬን አንስቼ ነስሩ ጋ ደወልኩ። አሰላሙ አለይኩም ብሎኝ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ካወራን በኋላ ነገርኩት። ከበስተጀርባው ቆርቆሮ ሲጎተት ይሰማኛል።

«ልጅቷ ምላለች?» አለኝ።

«ገና ነው። ልትምል ስትል ነው ያስቆምኳት።»

«ጎበዝ። ተፌ፣ ልጅቷ አትማል። መጀመሪያ እዚያ ሰፈር ፍየል ያለው ማን እንደሆነ ትጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ ነው የማልኩት።»

ማህሌት ስልኩ ላይ ጆሮዋን ደቅና ትሰማ ነበር። ሳቋ ጠፋ። በሩ ላይ ተቀምጣ ጭቃማ ጫማዋን ቀስ እያለች መፍታት ጀመረች፤ ከዚያ ፎቶውን እንደገና አውጥታ አየችው።

«ከወንዙ በታች የአንዲት ሴትዮ ቤት አለ» አለች። «ፍየሎቿን አይቻለሁ።»