እምቢ ያለው እግር

የመኪና መንዳት አስተማሪዋን ተማሪዎቿ «እትዬ ፍሬን» ይሏታል። ስሙን ያተረፈላት እግሯ እንጂ አፏ አይደለም፤ አፏማ ፍሬን የለውም። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው በኩልም ፍሬን ስላለው፣ ተማሪ ግድግዳ ሊስም ሲል ቀድማ የምትረግጠው እሷ ናት።

ይኸው እግር ማበጥ ጀመረ። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ጠርዙ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቦይ ሠርቶ ይቀራል። ብትመረመር ግፊቷም ጣራ ነክቷል። ሐኪሟ በአንድ ፍሬ ሁለት መድኃኒት የያዘ የሚያሸና ኪኒን አዘዘችላት፤ ጠዋት ጠዋት እንድትውጠው፣ ጨው እንድትቀንስ፣ ለደም ምርመራም እንድትመለስ አስጠነቀቀቻት።

የመጀመሪያው ሰሞን ጣጣ ሽንት ነበር። ተማሪዎቿ ወደ ነዳጅ ማደያ መታጠፍን ከሁሉ በፊት ተካኑ። እብጠቱ ግን ጎደለ፣ ጫማዋም ገባላት። ምርመራውን «ተሽሎኝ የለ እንዴ! ምን ያስሮጠኛል?» ብላ ተወችው።

አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ደግሞ «ጨው የሌለው ሾርባ ከእጣቢ በምን ይለያል?» እያለች ስታማርር ከርማ፣ አንድ ቀን ቆርቆሮ ይዛ ከች አለች።

«እንኪ እቴ! የጨው ምትክ ይባላል። ለግፊት ሰው ነው አሉ።»

«ተባረኪ የእናቴ ልጅ!»

ከዚያ ወዲያ የአስተማሪዋ እጅ አላረፈም። ሾርባው ላይ፣ እንቁላሉ ላይ፣ ቲማቲሙ ላይ ነሰነሰችው። ውላ አድራ ሰውነቷ ዛለ። ደረጃ ላይ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ልቧም አንዳንዴ ምት የዘለለ ይመስላታል። «እርጅና መጣሁ እያለ ነው» ብላ ሳቀች።

አንድ ረፋድ ከተማሪዎቿ አንዱን፣ ባለ ልኳንዳውን፣ ታስተምራለች። ሰውየው ወሬ ሲይዝ መሪ መልቀቅ ልማዱ ነው። ድንገት ከፊታቸው የጭነት መኪና ወደ ኋላ መጣ። «ፍሬን!» ብላ ጮኸች፤ የራሷ እግር ግን የሰው እግር ይመስል አልታዘዛትም። ባለ ልኳንዳው ረገጠ፤ ለጥቂት ተረፉ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ? እርስዎን ቀድሜ ረግጬ አላውቅም እኮ!»

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

«በሉ ሐኪም ቤት እንሂድ። በየት ነው?»

«በቀኝ ታጠፍ… መጀመሪያ ፍሬቻ አሳይ እንጂ አንተ ሰው!»

ሐኪሟ ልቧን በመሣሪያ አየች፣ ደሟንም አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ፊቷ ተለወጠ።

«ፖታሲየምዎ በጣም ከፍ ብሏል። አዲስ የጀመሩት ነገር አለ? ማስታገሻ? ቫይታሚን?»

«ምንም! ጨው እንኳ ትቼ ምትኩን ነው የምበላው።»

«የምን ምትክ?»

ተደውሎላት እህትየው ቆርቆሮውን ይዛ ስትከንፍ ደረሰች። ሐኪሟ ጀርባውን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «ይኼ እኮ ፖታሲየም ነው! ከኪኒኑ አንደኛው መድኃኒት ውሃና ጨው ያስወጣል፤ ሁለተኛው ፖታሲየም አብሮ እንዳይወጣ በሩን ይዘጋል። እርስዎ በተዘጋ ቤት ውስጥ በጆንያ ያስገባሉ። ሲበዛ ጡንቻ ያዝላል፤ ልብም ሊያቆም ይችላል።»

«ወይኔ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት!» አለች እህት።

«ገና አልሞትኩም፤ ቀስ በይ!»

አስተኝተው አከሟት። ኪኒኑንም ደሟ እስኪስተካከል አስቆሟት፤ ኋላ ሐኪሟ መጠኑን ቀንሳ መለሰችላት። አሁን ቀጠሮ አታሳልፍም። አንድ ቀን ከረሳችም በማግስቱ ደርባ አትውጥም። ከአልጋ ስትነሳ ራሷ እንዳይዞር ጠርዙ ላይ ቁጭ ትላለች። ወገቧን ሲያማት እህቷ ማስታገሻ ብታቀርብላት፣ «መጀመሪያ ሐኪሟን እንጠይቅ» ብላ እጇን ሰበሰበች።

ሾርባውን ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ታድጎታል። እህትየው ሎሚውን ታበዛዋለች፤ እሷም ፊቷን አጨማዳ ትጠጣዋለች፣ ከዚያም «ጨምሪልኝ» ትላለች።